በቴሌቪዥን የቴክኖሎጂ ዜና ስስቅ ከርሜ ተራዬ ደረሰ

ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አርብ ማታ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ባንክ ያለችኝን ብር ላውጣት እንዴ?»

ምን ተፈጠረ ስላት ዜና ማየቷን ነገረችኝ። አውሮፕላኖች ተጠልፈዋል፣ ባንኮችም አሉበት አለች። አውሮፕላን ሲጠለፍ ባንክ ምን አገባው ብዬ ትንሽ ግራ ገባኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ዜናው ኮምፒውተሮች ተጠለፉ፣ አውሮፕላኖችም ከበረራ ታገዱ ብሏል። ለእናቴ ጠለፋ ማለት ወይ የልጃገረድ ነው ወይ የአውሮፕላን። ሦስተኛ ጠለፋ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ባንክ በር ላይ ልትሰለፍ ወስናለች፣ እኔን የጠየቀችኝ ለወጉ ያህል ነው።

እኔ የአንድ ድርጅት ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስከታተል የዋልኩት ይህንኑ ጉዳይ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ፤ የትልልቅ ድርጅቶችን ኮምፒውተሮች ከጥቃት የሚጠብቅ ሶፍትዌር ይሸጣል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:09 ላይ ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ አፕዴት (ሶፍትዌሩን የሚያድስ ፋይል) ላከ። ፋይሉ ስህተት ነበረበት። የተቀበሉት ኮምፒውተሮች ሰማያዊ የስህተት ስክሪን እያሳዩ ወደቁ፣ ማለትም ሥራ አቆሙ፣ ሲነሱም መልሰው ወደቁ። ኩባንያው 2:27 ላይ ፋይሉን አስተካክሏል። ግን አንዴ የወደቀ ኮምፒውተር በራሱ አልተነሳም፤ ብዙዎቹን ሰው አንድ በአንድ እየሄደ በእጁ ነው ያነሳቸው። የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት በኋላ ባወጣው ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተነክተዋል። ይህ ከዓለም የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ግን ያሉት አየር መንገድ፣ ሆስፒታልና ባንክ ውስጥ ስለሆነ ዓለም ተናወጠች። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በጥቂት ቀናት ውስጥ 7,000 ያህል በረራ ሰረዘ። የእንግሊዙ ስካይ ኒውስ ራሱ ጠዋት ላይ ከአየር ጠፍቶ ነበር፤ ዜና አውሪው ዜና ሆነ።

ጠላፊ አልነበረም። የኩባንያው ኃላፊም በዚያው ቀን ጥቃት አለመሆኑን በግልጽ ጽፏል። እናቴ ያየችው ዜና ግን የማታው ነው። ፋይሉ ከተስተካከለ ከአሥር ሰዓት በላይ አልፎታል። እዚያ ላይ «በማይክሮሶፍት ላይ የደረሰ የሳይበር ጥቃት» ተባለ። ከንባቡ ጋር የመጣውን ምስል ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። ያ ፊቱ የማይታየው፣ ጥቁር ባለኮፍያ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ። አረንጓዴ ቁጥር እንደ ዝናብ የሚወርድበት ስክሪን ፊት ተቀምጦ ኪቦርድ ይደበድባል።

ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። የጣቢያውን ስክሪንሾት ለጥፌ ከላዩ ላይ «ይህን ዜና የጻፈው ሰው ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ፣ እዚህ አልደግመውም። ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሼር የተደረገልኝ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ኮመንቱ ለሦስት ቀን አልበረደም። አንዱ «እነሱ ቴክኖሎጂ የሚያውቁት ሪባን ሲቆረጥለት ነው» አለ። ሌላው «አንተ ደግሞ አዋቂ ነኝ ባይ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፈህ አታውቅም፣ ለስድብ ግን አንደኛ» አለኝ። ይኼኛው ልክ ነበር፣ ያኔ ግን ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ አንድ ሰው ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደውና በቃ፣ ስለ ክራውድስትራይክ የሚያወራ ጠፋ።

ሰኞ ዕለት ኢንቦክስ ላይ መልእክት ገባ። «ጤና ይስጥልኝ፣ የለጠፉትን ዜና የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈቃደኛ ከሆኑ ልደውልልዎ?» ይላል። ልትጣላኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ደወለች። አልተጣላችኝም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላም «አንተ» «አንቺ» ተባብለን እናወራ ነበር።

የነገረችኝን ባጭሩ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የውጭ ዜና ክፍሉ ውስጥ በዚያ ቀን የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ ረፋድ ላይ ከዜና ወኪል የመጣውን ተረጎመች። በዚያ ሰዓት ምክንያቱ ገና አልጠራም፤ ብዙ ቦታ «የማይክሮሶፍት መቋረጥ» ነው ሲባል የነበረው። ለዚህም ምክንያት አለው። በዋዜማው ሌሊት የማይክሮሶፍት አዙር የተባለው አገልግሎት በአሜሪካ አንድ አካባቢ ለብቻው ችግር ገጥሞት ስለነበር ሁለቱ ተደበላለቁ። እሷ «የኮምፒውተር አገልግሎት መቋረጥ» ብላ ጻፈች። የቀኑ ዜና ላይ እንደዚያው ተነበበ። ማታ ፈረቃ ተቀየረ። የማታው አዘጋጅ የቀኑን ጽሑፍ አንስቶ አየውና «የአገልግሎት መቋረጥ» ምን ዜና ነው አለ። አይፈረድበትም እኮ። መብራት በሚሄድበት፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበት አገር «ተቋረጠ» ብለህ ማንን ታስደነግጣለህ? ስለዚህ «ጥቃት» ገባ። ምስል የሚያቀናብረው ልጅ «ጥቃት» የሚለውን ቃል አይቶ ሹራብ ለባሹን አወጣ። ከረፋድ ጀምሮ ግን የዜና ወኪሉን ገጽ እንደገና የከፈተ ሰው የለም።

«ታዲያ ጥቃት ያለው ማነው?» አልኳት።

«ሁላችንም፤ አንድ ሰው አይደለም» አለች። ቀጥላ ያለችኝን አልረሳውም። «የምደውልለት ሰው ቢኖረኝ እደውል ነበር። አንተ አርብ ቀን ብደውልልህ ታነሳ ነበር?»

አላነሳም ነበር። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ስቱዲዮ ጋበዙኝ። ስለ ጉዳዩ ባለሙያ ያስረዳ ተባለ። ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ለእናቴም ነገርኳት፣ እሷም ለሰፈሩ ነገረች። ቀረጻው 12 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከርነል አልኩ፣ ድራይቨር አልኩ፣ ሴፍ ሞድ አልኩ። ጋዜጠኛዋ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እኔ የገባት መስሎኝ እቀጥላለሁ። መጨረሻ ላይ «እንዲህ ያለ ነገር በጥቃትም ሊመጣ ይችላል?» አለችኝ። እኔም እንደ ጠንቃቃ ባለሙያ «በእርግጥ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን…» ብዬ ጀመርኩና ሁለት ደቂቃ አብራራሁ።

ከ12 ደቂቃው የተላለፈው 20 ሰከንድ አይሞላም። የትኛው እንደሆነ ገምታችኋል። «በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሊሆን ይችላል።» «ነገር ግን» የሚለው ተቆርጧል። ከጎኔ ሹራብ ለባሹ ኪቦርድ ይደበድባል።

በዚያ ምሽት የሙያ ጓደኞቼ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የገባሁበትን ሁኔታ አልነግራችሁም። ስክሪንሾቴ ላይ «ይህ ሰውዬ ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» ተብሎ ተጽፎበት መጣ። የራሴ ዓረፍተ ነገር። በማግስቱ ደግሞ አለቃዬ ጠራኝ። በስሜ ሥር የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፎ ነበር፣ እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሁለት ደንበኞች ደውለው «እናንተም ተጠቃችሁ እንዴ?» ብለዋል።

እናቴ ግን ኮርታ ነበር። «አማረብህ» አለችኝ። ያልኩት ገብቷት እንደሆነ ስጠይቃት «እሱማ እንግሊዝኛ ነው» አለች።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። ፌስቡክ ላይ ሦስት ቀን የተከራከርነው ሰዎች ሁላችንም ነገሩን ድሮውንም እናውቀው ነበር። እርስ በርስ ነው የተሳሳቅነው። ሰልፍ ልትይዝ የነበረችው ሴትዮ ፌስቡክ የላትም። እሷን ያስደነገጣት ያ ዜና ነው፣ ሊያረጋጋት የሚችለውም በዚያው ሰዓት በዚያው ጣቢያ የሚነበብ ዜና ብቻ ነው። የእኔ ፖስት አንድ ሺህ ጊዜ ሼር ቢደረግ እሷ ጋ አይደርስም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም፣ ወደ ኋላ ሄጄ ሳስብ ሁልጊዜ እንደዚሁ ነበርን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስትመጥቅ አስታውሱ። ቴሌቪዥኑ «ኢትዮጵያ ሳተላይት አመጠቀች» አለ። ኢንተርኔቱ ሁለት ተከፈለ። ግማሹ አለቀሰ በደስታ፣ ግማሹ «ያመጠቀችው ቻይና ናት፣ ምኑ ነው የእኛ?» አለ። የአገር ፍቅርና የአገር ጥላቻ ክርክር ሆነ። ሳተላይቷ ምን ትሠራለች የሚለውን ማን ጠየቀ? ኢቲአርኤስኤስ-1 ወደ 70 ኪሎ የምትመዝን፣ ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ የተነሳች፣ መሬትን ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት ናት። ለግብርና፣ ለአየር ንብረት፣ ለአካባቢ ጥበቃ የሚሆን ምስል ወደ እንጦጦው ጣቢያ እንድትልክ ነው የተሠራችው። ቴሌቪዥን አታስተላልፍም፣ ስልክ አታገናኝም። ጎረቤታችን ግን በማግስቱ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ «አሁን እንግዲህ ኢንተርኔቱ ሊፈጥን ነው» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኢትዮሳት መጣ። ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ሊለቁ ነው ተባለና ዲሽ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተዞረ። እናቴ ቤት ዲሽ ሊያስተካክል የመጣው ልጅ ጣሪያ ላይ ሆኖ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ በራሳችን ሳተላይት ነው የሚያዩት!» አላት። እሷም ያቺ በዜና የመጠቀችው ናት ብላ አመነች፣ ቡናም አፈላችለት። ኢትዮሳት ግን የቻናሎች ስብስብ ስም ነው። ቻናሎቹ የተጫኑባት ሳተላይት ኤንኤስኤስ-12 ትባላለች፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለች፣ ባለቤቷም የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ዜናው ስለ ራሳቸው ስለ ቴሌቪዥኖቹ ነው። ቤታችን በየት በኩል እንደሚገቡ የሚነግረን ዜና ነው። እሱንም እንኳን ለእናቴ የነገራት ዲሽ አስተካካዩ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሶፊያ አለች። በ2010 ክረምት አዲስ አበባ የመጣችው ሮቦት። አማርኛ ትናገራለች ተብሎ ስንጠብቅ አካሏ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ጠፋ ተባለ፣ ሳቅን። እኔ ባየኋቸው ዜናዎች ላይ ወሬው ሁሉ የሳዑዲ ዜግነቷ ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ ያሉት የአይኮግ ላብስ ልጆች ሶፍትዌሯ ላይ እጃቸው እንዳለበት ጠቀስ ተደርጎ ታለፈ። እኔ መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር። የትኛውን ክፍል ጻፉት? በምን ቋንቋ? አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እዚያ ለመድረስ ምን ይማር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። የእኛ የቴክኖሎጂ ዜና አብዛኛው ስለ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ቴክኖሎጂ ፊት ስለቆሙ ኃላፊዎች ነው። የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ማዕከል ተመረቀ፣ መተግበሪያ ይፋ ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ መተግበሪያው ይከፈታል ወይ ብሎ የሚያይ የለም። ካሜራው የሚመጣው ለሪባኑ ነው። ይህን ለጋዜጠኛዋ ስነግራት «የምረቃው ግብዣ ላይ መኪና ይላክልናል፣ ለስድስት ወር በኋላው ማን ይልካል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእናንተ ለባለሙያዎቹ ነው። አንድ ቀን ትጠራላችሁ። እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ።

ሲደወልላችሁ ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ። ቀጥታ ነው ወይስ ተቀርጾ? ስንት ሰከንድ ነው የሚፈልጉት? ከእኔ ሌላ ማን ይናገራል? ርእሱስ ምንድን ነው? የዜናውን ጽሑፍ ሙሉውን አያሳዩዋችሁም፣ አትድከሙ። ግን «እኔ ያልኩትን የትኛውን ነው የምትወስዱት? በስልክ አንብቡልኝ» ስትሉ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከመሥሪያ ቤታችሁ ፈቃድ ከሌላችሁ ስማችሁና ሙያችሁ ብቻ እንዲጻፍ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ተናገሩ። ከተላለፈ በኋላ አለቃችሁን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉም በላይ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሩት፣ ለብቻው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳን እውነት ሆኖ እንዲቆም አድርጋችሁ። እኔ ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ጥቃት አይደለም፤ የተበላሸ አፕዴት ነው።» ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜም ቢሆን እሱኑ መድገም። «ሊሆንም ይችላል» የምትለዋን ግን ቤት ጥላችኋት ሂዱ። እኛ ስንጠነቀቅ የምንላት ነች፣ ቴሌቪዥን ላይ ግን ብቻዋን ወጥታ ትዞራለች። የግድ ልትሏት ካሰባችሁ «ነገር ግን» የሚለውን ከፊቷ አስቀድሙት፣ ከኋላ ከሆነ ይቆረጣል።

ምሳሌ ይዛችሁ ሂዱ። ለእናቴ በመጨረሻ ነገሩ የገባት በዘበኛ ነው። «እማዬ፣ ሌባ አልመጣም። ግቢያችንን የሚጠብቀው ዘበኛ ከአለቃው የተሳሳተ ትእዛዝ ደርሶት በሩን ዘግቶ ባለቤቶቹን ውጭ አስቀረን» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ዘበኛውን ለምን አያባርሩትም?» አለች። ይህ ጥያቄ በዚያ ሰሞን በዓለም ሁሉ ከተጠየቁት ጥሩ ጥያቄዎች አንዱ ነው። እኔ በ12 ደቂቃ ያልነካሁትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደረሰችበት። አንድ ኩባንያ የሚሊዮኖችን ቁልፍ እንዴት በአንድ ጊዜ ይይዛል? አፕዴቱን በትንሽ በትንሹ መላክ አይችልም ነበር ወይ? ከዚያ በኋላ ኩባንያው ራሱ አፕዴቶችን ደረጃ በደረጃ እልካለሁ ብሏል።

ምስልም ስጧቸው። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሹራብ ለባሹ የሚገባው ሌላ ምስል ስለሌለ ነው። የሰርቨር ክፍል፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ ኮምፒውተር ፈትቶ የሚጠግን እጅ። ስልካችሁን አግድም ይዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ቅረጹና በቴሌግራም ላኩ። የደንበኛ ስም ወይም የይለፍ ቃል የተለጠፈበት ወረቀት ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ እዩ እንጂ። (አዎ፣ ይለጠፋል። የእኛም ጋ ተለጥፎ አግኝቻለሁ።)

ስህተት ስታዩ ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ ጣቢያው ጻፉ። «አታውቁም» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። በስንት ሰዓቱ ዜና፣ ምን ተባለ፣ ትክክሉ ምንድን ነው፣ የት ማየት ይቻላል። አራት መስመር። በተለይ የቀኑ ዜና ላይ ከሆነ ስህተቱ ፍጠኑ፣ ያው ጽሑፍ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ምላሽ ካላገኛችሁ ያኔ ለጥፉት፣ እኔም ሼር አደርግላችኋለሁ። የዜና አንባቢዋን ፊት ስክሪንሾት አታድርጉ ብቻ። እሷ የተሰጣትን ነው የምታነበው።

አሁን ከጋዜጠኛዋ ጋር ስምምነት አለን። እሷ ጥያቄ ከላከች እኔ በ20 ደቂቃ ውስጥ በድምፅ እመልሳለሁ፣ ካልቻልኩ «አልችልም» እላለሁ። እስካሁን አሥር ጊዜ ያህል ልካለች። ሁለቱን እኔም አላውቀውም ነበር፣ የሚያውቅ ሰው ጠቆምኳት። በቃላት እንጣላለን። እኔ «አፕዴት» በይው እላለሁ፣ እሷ «ማሻሻያ» ትላለች። እኔ ያ ማሻሻያ ዓለምን ያስቆመው ነው ወይ ስላት ትስቃለች። «ጠለፋ» ከአውሮፕላን ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ ግን ተስማምተናል።

ሹራብ ለባሹን ማስወጣት አልቻልንም። ባለፈው ለተማሪዎች ታብሌት ስለመታደሉ በተሠራ ዜና መሃል ብቅ ብሎ አየሁት፣ ያው ሹራብ፣ ያው ኪቦርድ። ስክሪንሾት አንስቼ ላኩላት።

«እሱማ ቋሚ ሠራተኛ ነው» አለችኝ። «እኔ ገና በኮንትራት ነኝ።»